ወረቀት ያልደረሰው ባለጉዳይ

ሥራዬ ሰው ማጣላት ነው። «ምንድን ነው የምትሠሪው?» ለሚለኝ ሁሉ እንደዚያ ብዬ ነው የምመልሰው። ግማሹ ይስቃል፣ ግማሹ ወንበሩን ራቅ ያደርጋል።

በወጉ ሲነገር የድርድር መልመጃ ነው የምጽፈው። የምሠራበት ማሠልጠኛ የሆስፒታል ኃላፊዎች፣ የፋብሪካ አለቆች፣ የሠራተኛ ማኅበር ተጠሪዎች ይመጡበታል። እኛ የሌለ ጠብ ፈጥረን እንሰጣቸዋለን፤ እነሱ ሁለት ሁለት ሆነው አርባ አምስት ደቂቃ ይፋጠጣሉ። ከዚያ የት ጋ እንደተበለጡ እንነግራቸዋለን። አንዳንዱ ጨዋታ መሆኑን ረስቶ የምሩን ይናደዳል። አንድ ጊዜ አንድ የመጋዘን ኃላፊ በሌለ መኪና፣ በሌለ ጎማ ተጣልቶ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ከባላጋራው ጋር አንድ ጠረጴዛ አልቀመጥም ብሎ ሁላችንንም ጉድ አሰኝቶናል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሁለቱም የሚያነቡት አንድ የጋራ ወረቀት አለ። ከዚያ ለየብቻቸው ሚስጥራዊ ወረቀት ይሰጣቸዋል። ሚስጥራዊው ላይ ሦስት ጥያቄ ከነመልሱ ይጻፋል፦ ምን ትፈልጋለህ? ምን ትፈራለህ? ሳትስማሙ ብትቀሩ ምን ታደርጋለህ? ዋናዋ ሦስተኛዋ ናት። ሌላ መሄጃ ያለው ሰው ተረጋግቶ ነው የሚናገረው። ሚስጥራዊውን ወረቀት ለሌላው ወገን ማሳየት ክልክል ነው፤ ያሳየ ሰው ከክፍል ይወጣል። ሌላም ደንብ አለ፤ ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ሰሌዳው አናት ላይ በቀይ የጻፍኩትም እኔ ነኝ፦ «ነገሩ የሚነካው ሰው ሁሉ ወረቀት ይኖረዋል።»

ይቺን ደንብ አስቀምጧት፤ እመለስባታለሁ።

ወንድሜና እኔ ሁለት ወር ሙሉ ሆድና ጀርባ ሆነን ነበር። ታናሼ ነው፤ መኪና መንዳት ያስተምራል። የሚኖረው ከእናታችን ጋር በአሮጌው ቤታችን ነው። እማዬ የጓሮው በር ላይ ካሉት ሦስት ደረጃዎች ተንሸራታ ወደቀችና እግሯን ተሰበረች። እኔ «ከዛሬ ጀምሮ እኔ ጋ ትሁን» አልኩ። የኔ ቤት አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት አለው፣ ክሊኒኩ ከሥር ነው። እሱ ደግሞ «ከቤቷ ማንም አያወጣትም» አለ። ነገሩ ከረረ። ሲከር የማይባለው ሁሉ ተባለ። እኔ በበኩሌ «አንተ ቤቱን ነው የምትጠብቀው» አልኩት። እሱ ምን አለኝ? «አንቺማ የሰው ቤት ስታስታርቂ ነው የምትኖሪው፤ አባዬ እንኳ ሲያርፍ ሥልጠና ላይ ነበርሽ።»

እውነቱን ነው፤ ሥልጠና ላይ ነበርኩ። በማግስቱ ነው የደረስኩት። እሱ ግን አልጋው አጠገብ ነበር፤ ይሄው አራት ዓመት ሙሉ ዘመድ ሁሉ «ታድለህ፣ አጠገቡ ነበርክ» ይለዋል። እኔም የዚያን ዕለት አንጀቴ ቅጥል ብሎ «አንተማ ታድለሃል!» ብዬ በሩን ወርውሬው ወጣሁ። ከዚያ በኋላ በጽሑፍ መልእክት ብቻ ሆነ። «መድኃኒቷ አልቋል።» «ይላካል።» «ደርሷል።» ይኸው ነው።

በመጨረሻ እማዬ ራሷ ደወለችልኝ። «ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ሁለታችሁም እዚህ እንድትገኙ» አለችና ዘጋችው። ሠላሳ ዓመት የስልክ ኦፕሬተር ነበረች፤ ስልክ ላይ ነገር አታበዛም።

ቅዳሜ ይለይለታል ማለት ነው። ብሸነፍ እናቴን በእንግድነት ልጠይቃት ነው፤ ባሸንፍ ደግሞ ወንድም የለኝም። እንዲያም ሆኖ ማሸነፍ ፈለግሁ። መደራደር የማስተምር ሰው ለመኪና አስተማሪ እጅ ልስጥ? ደሞ ምን በወጣኝ!

እናም አንድ ነውር ሠራሁ። የኛን ጠብ ልብስ አልብሼ ወደ መልመጃ ቀየርኩት።

ስሙን «የአንጋፋው ቴክኒሻን ጉዳይ» አልኩት። አንድ ማተሚያ ቤት ሁለት ቅርንጫፍ አለው። አንድ አንጋፋ ቴክኒሻን አለ፤ ማሽኑን በድምፁ ብቻ የሚያውቅ። አሮጌው ቅርንጫፍ ውስጥ ደረጃ ላይ ወድቆ ተጎዳ። አዲሱ ቅርንጫፍ ሊፍትም ክሊኒክም አለው፤ «እኛ ጋ ይምጣ» ይላል። አሮጌው «አንለቅም» ይላል። ማን ይውሰደው? ሐሙስ የሚመጡት ሠልጣኞች አሥራ ስድስት ናቸው፣ ስምንት ጥንድ። ስምንት ጊዜ ሲከራከሩልኝ ቁጭ ብዬ የሚያሸንፈውን ነገር እለቅማለሁ፣ ቅዳሜ ይዤው እሄዳለሁ። አይኔን በጨው አጥቤ፣ በመሥሪያ ቤት ሰዓት።

መልመጃ ሁሉ ለሠልጣኝ ከመቅረቡ በፊት በአንድ ባልደረባችን ይሞከራል። ቅጽል ስሙ «ወይ ፍንክች» ነው። በጨዋታም ቢሆን የያዘውን አይለቅም፤ አንዴ የሌለ የማሽን ዘይት ላይ ሦስት ሰዓት አድርቆኛል። የአሮጌውን ቅርንጫፍ ወረቀት ሰጠሁት። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አነበበና ቀና ብሎ አየኝ።

«ይሄ የአሮጌው ቅርንጫፍ ኃላፊ ምን በድሎሽ ነው?»

«ምን ማለትህ ነው?»

«‹ምን ትፈልጋለህ› ለሚለው ‹በሰውየው ስም መጠቀም› ብለሻል። ‹ምን ትፈራለህ› ለሚለው ‹ቅርንጫፉ እንዳይዘጋብኝ።› ሌላ ምንም የለውም? ለሰውየው አያዝንም?»

«አያዝንም።»

«ኧረ በናትሽ! ይቺን ይዤ አርባ አምስት ደቂቃ ልሟገት? በአምስት ደቂቃ እሸነፋለሁ እኮ።»

«ተሸነፋ ታዲያ! አንድ ቀን ብትሸነፍ ምን ትሆናለህ?»

ወረቀቱን አጣጥፎ መለሰልኝ። «የሞተ ወረቀት ነው» አለ። «ማንም ሰው ራሱን እንደዚህ አድርጎ አያይም።» በመሥሪያ ቤታችን «የሞተ ወረቀት» ከባድ ስድብ ነው፤ ባለወረቀቱ ራሱ የማያምንበት ማለት ነው። ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ወደ ማባዣው ሄድኩ።

ሐሙስ ደረሰ። ክፍሉ ስምንት ጠረጴዛ አለው፤ መስኮቶቹ አይከፈቱም፤ አየር ማቀዝቀዣው በሰበብ ነው የሚሠራው። ወረቀቱን አደልኩ፣ ሰዓቱን አስጀመርኩ፣ በጠረጴዛዎቹ መሀል እጄን ወደኋላ አድርጌ መንጎራደድ ጀመርኩ። ደስታዬን ልደብቅ? አንደኛው ጠረጴዛ በስድስት ደቂቃ ለአዲሱ ቅርንጫፍ ፈረደ። ሦስተኛው በአሥር። አሮጌውን ቅርንጫፍ የያዘች አንዲት የሠራተኛ ማኅበር ተጠሪ፣ ሌላ ጊዜ ሽንጧን ገትራ የምትከራከር ሴት፣ «ወረቀቴ ላይ የምለው ምንም የለም እኮ» ብላ እጇን ሰጠች። ልቤ ውስጥ «እሰይ!» አልኩ። ወንድሜን ሰባት ጊዜ አሸነፍኩት።

ስምንተኛው ጠረጴዛ ግን ዝም ብሏል። አንዲት ዋና ነርስና አንድ የጋራዥ ኃላፊ ተቀምጠውበታል። ነርሷ በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ቃል አልተናገሩም። እጃቸውን አጣምረው ይጠብቃሉ።

«ሲስተር፣ አልጀመራችሁም?»

«ወረቀት ጎድሎናል።»

«ሁለታችሁም ደርሷችኋል እኮ። ይሄው፣ ይሄው።»

«የሰውየው አልደረሰንም።»

«የየትኛው ሰውዬ?»

«የቴክኒሻኑ።»

«ቴክኒሻኑ ተደራዳሪ አይደለም ሲስተር። ሁለቱ ቅርንጫፎች ናቸው የሚደራደሩት።»

«ራሱን ስቶ ነው?» አሉ። ክፍሉ ሳቀ።

«ኧረ ደህና ነው። እግሩን ነው የተጎዳው።»

«አፉ ይሠራል?»

«ይሠራል።»

«ታዲያ ምን አለ?»

ነርሷ ለማሳፈር አልነበረም፤ የምራቸውን ነው የጠየቁኝ፣ አንድ በሽተኛ መድኃኒቱን ዋጠ አልዋጠ ብለው እንደሚጠይቁት። ከዚያ አገጫቸውን ወደ ሰሌዳው ቀና አደረጉ። «እዚያ ላይ ሁሉም ሰው ወረቀት አለው ይላል። ማን ነው የጻፈው?»

አሥራ ስድስት ሰው ዞሮ የእጅ ጽሕፈቴን አየ።

እፍረት ወረረኝ። አሥራ አንድ ዓመት መልመጃ ጽፌአለሁ፤ የወደብ ጫኚዎችን፣ ሐኪሞችን፣ የተፋቱ ነጋዴዎችን ሳይቀር ወረቀት ሰጥቻለሁ። የገዛ እናቴን ረሳኋት። ሁለት ወር ሙሉ ስለ እሷ ስንጨቃጨቅ፣ ስለ ደረጃው፣ ስለ ሊፍቱ፣ ስለ ክሊኒኩ ስንባባል፣ አንድ ቀን እንኳ «እማዬ፣ አንቺስ?» አላልኩም። እሱም አላለም። ሥልጠናውን እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም።

በማግስቱ አርብ ቀን፣ ወንድሜ ሥራ ላይ የሚሆንበትን ሰዓት ቆጥሬ ሄድኩ። በጓሮ በኩል ነው የገባሁት። ሦስቱ ደረጃዎች ላይ የብረት መደገፊያ ተተክሏል፤ ቀለሙ ገና አዲስ ነው። «አሁን ነው የሚተከለው?» ብዬ ለብቻዬ አጉረመረምኩ። ልማድ ነው።

እማዬ መስኮቱ ሥር ባለው ሶፋ ላይ እግሯን ትራስ ላይ አሳርፋ ተቀምጣለች።

«ነገ ነበር ያልኩሽ» አለች።

«አውቃለሁ። ወረቀት ላስሞላሽ ነው የመጣሁት።»

«የምን ወረቀት? የመሥሪያ ቤት?»

«የኔ መሥሪያ ቤት።» ብዕሬን አወጣሁ። ሦስቱን ጥያቄዎች ነገርኳት። ሳቀች። ከዚያ ፊቴን አየችና ሳቋን ተወችው።

«ምን ትፈልጊያለሽ?» አልኳት።

«ከሁለታችሁም ጋር መኖር አልፈልግም።»

«ምን?»

«ጻፊው እንጂ። አንቺ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ትወጫለሽ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ትገቢያለሽ። እኔ አራተኛ ፎቅ ላይ ቁጭ ብዬ የሊፍቱን ድምፅ እየቆጠርኩ ልውል? እህ፣ ይቺ እሷ ናት፤ አይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ቆመ። ያንን ነው የምትይኝ?»

«እሺ፣ እዚህስ? ቤትሽ አይደለም?»

መልስ ልትሰጠኝ አፏን ስትከፍት ውጭ የመኪና ጥሩንባ ጢጥ አለ። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች፤ ሰባት ሰዓት ነው። «መጣ» አለችኝ። «ወጥ ቤት ግቢ። ነገ ሳይደርስ እዚህ ከተገናኛችሁ ትጀምሩታላችሁ። እኔ ተኝቻለሁ።» ጭንቅላቷን ወደ ትራሱ ጣል አድርጋ ዓይኗን ከደነች። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ማስመሰል አይቼ አላውቅም፤ ወይ ፍንክች ከእሷ ሊማር ይገባል።

የወጥ ቤቱን በር ገርበብ አድርጌ ቆምኩ። ወንድሜ ጫማውን ደጃፍ ላይ አውልቆ በካልሲው ገባ። በመስኮቱ በኩል የመማሪያው መኪና ይታየኛል፤ አንድ ሠልጣኝ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ሞተሩ እንደተነሳ፣ ፍንክች ሳይል ቁጭ ብሏል። ወንድሜ ሶፋው ጋ ሲደርስ በርከክ አለ። መዳፉን ከእማዬ አፍንጫ ፊት ዘርግቶ ቆየ። እስትንፋሷን ነው የሚጠብቀው። ሲሰማው ትከሻው ወረደ፣ ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳብ አደረገላት፣ እንዳመጣጡ በካልሲው ወጣ። መኪናው ሄደ።

እማዬ አንድ ዓይኗን ገለጠች።

«በቀን ሁለቴ ነው» አለች። «አባትሽ ካረፈ ጀምሮ። ነቅቼ ካገኘኝ ‹ምን አመመሽ?› እያለ ሲጨነቅ ስለሚውል ተኝቼ እጠብቀዋለሁ። አራት ዓመት በገዛ ቤቴ የተኛሁ እየመሰልኩ ኖርኩ ልጄ። ደከመኝ። እሱም ደክሞታል፤ አላየሽውም እንዴ፣ ፊቱ ሁሉ አልቋል።»

አላየሁትም ነበር። ቤቱን የሚጠብቅ፣ ስም የሚፈልግ ሰው ነበር በወረቀቴ ላይ ያስቀመጥኩት። የሞተ ወረቀት የተባለው ለካ ትክክል ነው። አንጀቴን በላው፤ ወጥቼ ብጠራው ደስ ባለኝ፣ ግን መኪናው ርቋል።

«ምን ትፈሪያለሽ?» አልኳት።

«እኔ ሳልኖር እንደተኳረፋችሁ እንዳትቀሩ። ሠላሳ ዓመት የሰው መስመር ሳገናኝ ኖሬ የሁለታችሁን ማገናኘት አቃተኝ። ይቺንም ጻፊ።»

ጻፍኩ። «ሦስተኛው፤ ካልተስማማን ምን ታደርጊያለሽ?»

«አንቺ ልጅ፣ አልጋዬ እኮ ተለክቷል።»

«የት?»

«መስመር ሁለት ጋ።»

መስመር ሁለት ማለት የድሮ የሥራ ጓደኛዋ ናት፤ ስልክ ቤት እያሉ ከጎኗ ባለው መስመር ላይ ስለምትቀመጥ ያ ስም ወጣላት። ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿ የሄዱባት ሴት ናት፤ ሁለት ክፍል ቤት አላት፣ ደረጃ የሚባል የለውም። ከወንድሜ ሁለት ፌርማታ፣ ከኔ ሦስት። እማዬ ከወደቀች በሁለተኛው ሳምንት ሁለቱ አሮጊቶች ተነጋግረው ጨርሰዋል። አናጢው ማክሰኞ መጥቶ የእማዬን አልጋ፣ የመስመር ሁለትንም በር ለክቶ ሄዷል። እኛ ሁለት ወር ሙሉ ደም ሥራችን ተገታትሮ ስንጮህ፣ መሄጃ የነበራት እሷ ብቻ ናት። ለዚህ ነው ለካ ድምፅዋን ያላነሳችው።

«ለምን አልነገርሽንም?»

«ሁለታችሁም መስመሩን ይዛችሁት ነበራ» አለች።

የእማዬን ወረቀት ለራሷ ትቼላት፣ ቤቴ ተመልሼ የራሴን ጻፍኩ። ለሰው ስጽፍ ሃያ ደቂቃ ይበቃኛል፤ ይቺ አንድ ገጽ ከሰዓቱን ሙሉ ፈጀችብኝ።

ቅዳሜ አራት ሰዓት። ወንድሜ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጧል፣ የመኪና ቁልፉን በጣቱ ያዞራል። አላየኝም፤ እንዳላየኝ ሆኗል ማለቱ ይሻላል። እማዬ በመሀላችን ናት። ተናገሩ ሳትል ወረቀቴን ከቦርሳዬ አውጥቼ ፊቱ አስቀመጥኩለት።

«ምንድን ነው?»

«ሚስጥራዊ ወረቀቴ።»

«ለሌላ ወገን አይታይም ትይ አልነበር?»

«አይታይም። አንብበው።»

ጠረጠረኝ፤ ሁለት ጊዜ አገላብጦ ጀርባውን አየ። ከዚያ ማንበብ ጀመረ። ምን ትፈልጊያለሽ፦ እማዬ እኔ ጋ እንድትሆን። ምን ትፈሪያለሽ፦ አባዬ ሲያርፍ አልነበርኩም። ወንድሜ ነበር። ስለዚህ ቀናሁበት። የእማዬም እንዳያመልጠኝ እፈራለሁ። ካልተስማማችሁ ምን ታደርጊያለሽ፦ ምንም መሄጃ የለኝም።

አንብቦ ጨርሶም ዓይኑን ከወረቀቱ አላነሳም። ቁልፉ መሽከርከሩን አቆመ። ጣቱ «ወንድሜ ነበር» የሚለው መስመር ላይ ነው።

«እህትዓለም» አለ። እንደዚያ ብሎ ከጠራኝ ስንት ዓመቱ! «እኔም አልነበርኩም።»

«ምን?»

«ለሬዲዮው ባትሪ ልገዛ ወጥቼ ነበር። አባዬ ዜና ልስማ ብሎኝ። ሱቁ ቅርብ ነው፣ ታውቂዋለሽ። ሱቁ ውስጥ ሰው አግኝቼ አወራሁ። አምስት ደቂቃ፣ ምናልባት ስድስት። ስመለስ አልቋል።» ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። «ሰው ሁሉ ታድለህ ሲለኝ ምን ልበል? ባትሪ ልገዛ ነበር ልበል? አንቺ ራስሽ ታድለሃል አልሽኝ።»

ተነስቼ ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ፣ ትከሻ ለትከሻ፣ ልጆች እያለን እንደምንቀመጠው። ያለቀስነው ሁለታችንም ነን።

«እኔ ነበርኩ» አለች እማዬ።

ቀና ብለን አየናት። አራት ዓመት ሙሉ ማን ነበር፣ ማን አልነበረም ስንባባል፣ እሷንም ማንም አልጠየቃት።

«እጁን ይዤው ነበር። አልጨነቀውም፤ ማንንም አልጠራም። እኔ በቅቼው ነበር።» መነጽሯን አስተካከለች፣ ወረቀቷን ወደኛ ገፋ አደረገች። «አሁን የኔን አንብቡ። ቶሎ በሉ፣ አናጢው በስምንት ሰዓት አልጋዬን ፈትቶ ሊወስድ ይመጣል።»